የጥድ አፋፍ ፈራሚዎች

ላሊበላ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሰውአገኝ ደባሱ
ኮምቦልቻ

የላክኸው ፖስታ በጥምቀት ማግሥት ደረሰኝ። ሾፌሩ ጋሸና ላይ መንገድ ተዘግቶበት ሲያድር ሰንብቶ ነው የመጣው። ጫፉን ዘይት ነክቶታል እንጂ ውስጡ ደኅና ነው። ባለቤትህን ባንቺዓለምን አመስግንልኝ፤ የላከችው ነጠላ ለበዓሉ ባይደርስልኝም ለሚካኤል ቅዳሴ እለብሰዋለሁ ብዬ ነበር፣ እሱም አለፈኝ። ለኪዳነ ምሕረት ይሆናል። ንጋት ጥርሷ መነቀሉን ሰማሁ። ጣራ ላይ ትወርውረው። ጣራው የሰው ነው ብላ እንዳትፈራ፤ ወፏ የጣራውን ባለቤት አትጠይቅም።

ስለ ጤናዬ ለጠየቅኸኝ፣ ጉልበቴ ነው። ሌላው ደኅና ነው።

የቤቱን ፕላን አልጋዬ ላይ ዘርግቼ አየሁት። በቀይ እስክሪብቶ ያከበብኸውን የእናንተን ቤት አገኘሁ። በዳር በኩል «የእትዬ ክፍል» ብለህ የጻፍኸውንም አገኘሁ። እሱን ሳነብ ቆም አልሁ፤ መነጽሬን ጠርጌ እንደገና አነበብሁት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በዚያ ክፍል አብሬያችሁ እኖር እንደሆን ለጠየቅኸኝ ግን አስቤበት እጽፍልሃለሁ። ጥቂት ጊዜ ስጠኝ።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ። ይህ ቦታ ጥድ አፋፍ ነው አይደል? ከእኛ ከምትክ ሰፈሩ በላይ፣ ከኪዳነ ምሕረት ፍልፍል ቤተ ክርስቲያን አናት ላይ ያለው? ወረቀቱ ላይ ጥዱን ፈልጌ አጣሁት። ምንጩንም ፈለግሁት። «ገላጣ መሬት» ይላል። የሣለው ሰው ጉም በወረደበት ቀን መጥቶ ይሆናል። እኔ ከዚያ ገላጣ መሬት ዛሬ ጠዋት ውኃ ቀድቻለሁ፤ ስመለስም የጥዱ ጥላ ሥር ዐርፌያለሁ።

ገና ለሕዝብ አልተለጠፈምና ለሰው እንዳላሳይ ያልኸኝን አልረሳሁም። ሣጥኔ ውስጥ ነው።

ሙሉዬ

*

ኮምቦልቻ፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ሙሉዬ አረጋ
ላሊበላ

ደብዳቤዎ በደረሰኝ ማታ ለባንቺዓለም አነበብኩላት። ስለ ጣራው ያሉትን ስትሰማ ሳቀች። ንጋት ጥርሷን ወርውራለች። በማግሥቱ አከራያችን በሩ ላይ ቆመው «ማነው ጣራዬን በድንጋይ የሚደበድበው?» አሉ። «የልጅቷ ጥርስ ነው» አልናቸው። «ጥርስ እንዲህ አይጮህም» ብለው ሄዱ። እንዲህ ነው የምንኖረው።

ለምን አይደውልም ብለው እንደሆነ፣ ኔትወርክ ባለ ጊዜም እርስዎ ስልክ ላይ ዝም ስለሚሉ ነው። ወረቀት ላይ ይናገራሉ።

አዎ፣ ቦታው ጥድ አፋፍ ነው። እኛ አልመረጥነውም፤ የተሰጠን እሱ ነው። የላስታ ተወላጅ መምህራን በማኅበር ተደራጅተን መቆጠብ ስንጀምር ንጋት አልተወለደችም ነበር። አሁን ፊደል ጨርሳ ታነባለች። «ገላጣ መሬት» የሚለውን የጻፉት መሬቱን ያጠኑት አጥኚዎች ናቸው። ጥቂት ዛፍ ይቆረጥ ይሆናል። ቤቱ ሲያልቅ በምትኩ ችግኝ እንተክላለን፤ በደንባችን ተጽፏል።

ያለፈውን ላነሣ አይደለም። ግን በመካከላችን ዝም ሲባል የከረመ ነገር ስላለ አንድ ጊዜ ብጽፈው ይሻላል። ባልዎ አባዬ ከሞተ በኋላ፣ በቅርሱ ዙሪያ ያሉ ቤቶች ይነሡ ተብሎ የእኛም ቤት ሲፈርስ፣ ለምትክ ቦታ የሚመዘግቡት ሰዎች «ቤት ውስጥ ማን ማን አለ?» ብለው ጠየቁዎ። «ብቻዬን ነኝ» አሉ። እኔ ያኔ ፍላቂት አክስቴ ቤት ነበርኩ፤ ለትምህርት ሄድኩ እንጂ ለዘለዓለም አልሄድኩም። የሰማሁት ከገበያ በተመለሰ ሰው ነው። ስሜ በዚያ መዝገብ ቢገባ ኖሮ ዛሬ እዚያው አገሬ ላይ ቤት ይኖረኝ ነበር። ረስቼዋለሁ። ይህን የጻፍኩትም መርሳቴን እንዲያውቁት ነው። አሁን እግዜር ከፈቀደ እኔው ለእርስዎ ክፍል እሰጣለሁ።

ባንቺዓለም መስኮቱ በየት በኩል ይሁንላቸው ትላለች። ይንገሩን።

ሰውአገኝ

*

ላሊበላ፣ መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሰውአገኝ

ሁለቱም ደብዳቤዎችህ ደርሰውኛል፤ የመጀመሪያውም፣ «ተቀይመውኛል ወይ?» የሚለው አጭሩም። አልተቀየምሁም። ቂም የሚይዘው የተበደለ ነው፤ እኔ ከየት አምጥቼ እይዛለሁ? የጻፍኸውን በሙሉ አንብቤዋለሁ። አንድም ቃል አልተሳሳትህም። «ረስቼዋለሁ» ያልኸውን ግን፣ ልጄ፣ አትድከምበት።

ስለ መስኮቱ ለጠየቀችኝ ለባንቺዓለም፣ አሳብዋ ደግ ነው በልልኝ።

ጾሙ እንዴት ይዟችኋል? እዚህ ደኅና ነው። ቧንቧው እንደ ልማዱ ሳምንት ይመጣል፣ ሳምንት ይጠፋል። ሰፈሩ በሙሉ በአፋፉ ምንጭ ነው የሚኖረው። ማስታወቂያው የካቲት መጨረሻ ቀበሌ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ሰው ቆሞ አነበበው፤ ያላነበበም አስነበበ። ተቃውሞ ያለው ሰው ቀኑ ሳያልፍ ያቅርብ ይላል። ቄስ ገብረ ሊባኖስ ከቅዳሴ በኋላ አነሡት። ብዙ ሰው ተናገረ። ጎረቤቴን አሰለችን ታውቃታለህ፤ «ከእኛ በላይ ሽንት ቤት ሊቆፍሩ፣ ከሥር እኛ ልንጠጣ!» አለች። ቄሱ «በቤተ ክርስቲያን ግቢ» ብለው ገሠጿት። «እኔ ምን አልሁ አባቴ? እኔ የፈራሁት ቤተ ክርስቲያኑም እንዳይጠጣው ነው» አለች። ከዚያ በኋላ መገሠጽ ቀረ።

ስም የሚጽፍ ሰው ተገኝቶ ስም ተጻፈ። አቤቱታው ገብቷል።

አባትህ ከክረምት በፊት የፍልፍሉን ቦይ ሲጠርግ አንተ ከኋላው ሆነህ ቅጠል ትለቅም ነበር። ትዝ ይልሃል? ያ ቦይ ያኔም ቢሆን በከባድ ዝናብ ቀን ይሞላ ነበር። ከላይ ዛፍ ያለው፣ ሣር ያለው፣ ዕርጥብ ዐፈር ያለው አፋፍ ቀስ እያለ የሚለቀው ውኃ ነው እንዲያ የሚሞላው። በዚያ ላይ ቆርቆሮና የድንጋይ ንጣፍ ስታደርግበት ምን እንደሚሆን አስባለሁ። አስባለሁ ብቻ ነው ያልሁህ።

ለቅርሱ ተብሎ ቤታችን ሲፈርስ አላለቀስሁም። ይገባል ብዬ ነው። ድንጋዩ ከእኛ በፊት የነበረ፣ ከእኛ በኋላም የሚኖር ነው ብዬ። ይህን ለምን እንደጻፍሁልህ አላውቅም።

ሙሉዬ

*

ኮምቦልቻ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ሙሉዬ

እንኳን ለትንሣኤው አደረሰዎ። በዓሉን በሰላም አሳለፍን።

የአቤቱታው ግልባጭ ለማኅበራችን ኮሚቴ ደረሰ። እኔም ኮሚቴ ውስጥ ስላለሁ አነበብኩት። አቤቱታውን የተቀበለው የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ፈራሚዎቹን ከቀበሌ መዝገብ ጋር ሲያመሳክር አንዱንም አላገኘም። ሊቀ መንበራችን ጠረጴዛ እየመታ ሳቀ፤ «ከመቃብር ተነሥተው ፈርመው ተመልሰው ተኙ!» አለ። አቤቱታው ውድቅ ሆኗል። ይህን ሳይሰሙ አልቀሩም።

እኔ አልሳቅኩም። ወለተ ማርያም፣ ኃይለ ሚካኤል፣ ወለተ ኪዳን እያለ ሲወርድ ወዲያው ነው የገባኝ። ሕዝቡ የክርስትና ስሙን ነው የሰጠው። ከሁሉ በላይ «ወለተ ሩፋኤል» የሚል አለ። ልጅ ሳለሁ የንስሐ አባታችን ቤት መጥተው ጠበል ሲረጩን እያንዳንዳችንን በክርስትና ስም ይጠሩ ነበር። ወለተ ሩፋኤል ሲባል ማን ጎንበስ ትል እንደነበር አስታውሳለሁ።

አንድ የኮሚቴ አባል «ይቺ ወለተ ሩፋኤል ማን ናት? ጽሑፉ በእሷ እጅ ሳይሆን አይቀርም» አለ። እኔ ወረቀቱን አጥፌ ለሚቀጥለው ሰው አሳለፍኩት። የእጅ ጽሑፉን ባንቺዓለም እንኳ ታውቀዋለች።

ጉዳዩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። ግን አቤቱታው ውስጥ የሦስተኛው ረድፍ ቤቶች ሽንት ቤት ከምንጩ ዐይን በላይ እንደሚወድቅ ተጽፏል። የረድፎቹ አቀማመጥ በተለጠፈው ማስታወቂያ ላይ የለም። ያለው ለአባላት በታደለው ፕላን ላይ ብቻ ነው። አሁን ፕላኑን ያወጣው ማን ነው እየተባለ ነው። የተገኘ አባል ይሰረዛል።

እኔ ያንን ፕላን የላክኩልዎ ክፍልዎን እንዲያዩ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ይመልሱልኝ። እርስዎ ነዎት?

ሰውአገኝ

*

ላሊበላ፣ ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሰውአገኝ

አዎ፣ እኔ ነኝ።

መጋቢት ላይ «ስም የሚጽፍ ሰው ተገኝቶ» ብዬ የጻፍሁልህ ሰው እኔው ነበርሁ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ቶሎ የምትጽፍ ሙሉዬ ናት አሉና ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አኖሩት።

ስሙ እንዴት እንዲያ እንደሆነ ልንገርህ። እንዳትስቅ። በዚያ ግቢ፣ ካህን ቆሞ «ስማችሁን ስጡ» ሲል ሰው የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ለጸሎት የሚሰጠውን ስም ይሰጣል። ግማሹ በልማድ ሰጠኝ። ግማሹ ደግሞ ፈርቶ ነው፤ በዚህ ዘመን የመዝገብ ስሙን ወረቀት ላይ ማኖር የሚወድ ማን አለ? ዛሬ ለዛፍ የሰጠኸው ስም ነገ ለምን እንደሚፈለግ አታውቅም። እኔ ግን በልማድም በፍርሃትም አልነበረም። ወረቀቱ አንተ ዘንድ እንደሚደርስ ዐውቄ ነው። ሙሉዬ ብዬ እንዳታየኝ ነው የተሸሸግሁት። አንድ ሰው «ኧረ የመዝገብ ስም ነው የሚሻለው» ቢል እኔ መሆን ነበረብኝ፤ ወረቀቱን የያዝሁት እኔ ነኝ። ለራሴ መደበቂያ ብዬ የሰፈሩን ሁሉ አቤቱታ ውድቅ አስደረግሁ።

የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዋ ምሥራቅ ትባላለች፤ ወጣት ናት። አስጠርታን ወረቀቱን ይዛ «እማማ፣ እነዚህ ሰዎች በሰማይ ይኖሩ ይሆናል፣ በዚህ ቀበሌ ግን አይኖሩም» አለችኝ። አሰለች አብራኝ ነበረች። «እግዜር የሚጠራኝ በዚህ ስም ነው፤ ቀበሌ አላውቃትም ካለ እኔም ቀበሌን በክርስትና ስሙ አላውቀውም!» አለቻት። ቄስ ገብረ ሊባኖስ ደግሞ ቆይተው፣ ቀስ ብለው፣ «እኔስ የመዝገብ ስሜ ማን ነበር?» ብለው ጠየቁን። ሳቅን። ያን ቀን የሳቅነው እሱን ብቻ ነው።

እንደገና ስም እንሰብስብ ብለን ዞርን። በየበሩ «አንድ ጊዜ ሰጥቻለሁ» ነው መልሱ። በሰማይ የሚታወቀውን ሰጡኝ፤ የምድሩን ማንም አልሰጠኝም። አልፈርድባቸውም።

ምሥራቅ ደግ ልጅ ናት። የሚነበብ ሰጠችኝ፤ አነበብሁ። የማላውቀውንም ነገረችኝ። እኔ የዛፉ ሥር ድንጋዩን ደግፎ የያዘ መስሎኝ እንዲያ ብዬ ጽፌ ነበር። እንዲያውም ከፍልፍሉ ከንፈር ላይ ያለው የወይራ ሥር ድንጋዩን ይሰነጥቀዋል አለችኝ። ያንን ሰረዝሁት። ስለ ውኃውና ስለ ሽንት ቤቱ ጉድጓድ ያልነው ግን ልክ ነው አለች። አጥኚዎቹ በጋ ላይ መጥተው፣ ከመኪና ሳይወርዱ ነው «ገላጣ» ያሉት፤ የእሷ ጥርጣሬ ነው እንጂ እኔ አላየሁም። «አንድ ሰው ይበቃኛል» አለችኝ፤ «አንድ ነዋሪ፣ በመዝገብ ስሙ፣ ፊት ለፊት ከተቃወመ ጉዳዩ በአዳራሽ ሳይታይ አይታለፍም።»

ፋሲካ እንዳለፈ ዶዘር መጣ። ለመንገድ ብሎ ከላይ በኩል ቆርጧል። የወደቁት ጥዶች እዚያው ተጋድመዋል። ሽታቸው እስከ ቤቴ ይመጣል፤ ሌላ ጊዜ ደስ የሚል ሽታ ነበር።

ለምን ብለህ ትጠይቀኛለህ። መልሱን ለማሳመር አልችልም። ውኃው ለእኔ ብቻ አይደለም። ደግሞም ለድንጋዩ ብዬ አንድ ጊዜ ቤት ሰጥቻለሁ፤ የሰጠሁት የእኔን ብቻ እንዳልነበረ አንተ ነግረኸኛል። ያ ሁሉ የሆነው ለከንቱ ነው ብዬ መቀመጥ አልቻልሁም። ይህ አንተን እንደማያጽናናህ ዐውቃለሁ። ሁለተኛ ጊዜ ቤት እየከለከልሁህ መሆኑን ሳላውቅ የምጽፍ እንዳይመስልህ።

የመዝገብ ስሜን ለምሥራቅ ልሰጣት ነው። ከመስጠቴ በፊት አንተ እንድትሰማው ፈለግሁ።

ሙሉዬ

*

ኮምቦልቻ፣ ግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ሙሉዬ

ደብዳቤዎን ለባንቺዓለም አላነበብኩላትም። «ምን አሉ?» ስትለኝ «ደኅና ናቸው» አልኳት።

አይስጡ ብዬ አልለምንዎትም። ብለምንዎ እንደሚተዉት ስለማላውቅ አይደለም፤ ይተዉት ይሆናል። ከዚያ በኋላ ግን በዚያ ቤት እርስዎን አጠገቤ አድርጌ እንዴት እኖራለሁ? ውኃ በቀዳሁ ቁጥር ፊትዎን ማየት አልፈልግም። ወዲህም ወዲያም እንዳልል አድርገው ነው ያሰሩኝ።

አንድ ጊዜ ግን ይስሙኝ። የማኅበሩ ሰዎች ፍላቂት አክስቴ ቤት እንዳደግኩ ነው የሚያውቁት። እርስዎ የአረጋ ልጅ ነዎት፣ እኔ የደባሱ፤ ስማችን አይገናኝም። ሊቀ መንበሩ ግን ነገሩ ሸቶታል። ተቃዋሚ በአዳራሽ ሲቀርብ ከማኅበሩ አባላት ጋር ዝምድና ወይም የንብረት ክርክር እንዳለው ይጠየቃል፤ ሰው በውርስ ተጣልቶ በሌላ ስም እየከሰሰ ስላስቸገረ ነው አሉ። እርስዎን ይጠይቁዎታል። ዝምድናችን ከታወቀ ፕላኑን ማን እንዳወጣው ታወቀ ማለት ነው። ቦታው ቢቀየር እንኳ ከሚቀጥለው እሰረዛለሁ። በአፋፉ ላይ የሚሆነው ይሁን፤ ከወረፋዬ ግን አያስወጡኝ።

ስለዚህ ሲጠይቁዎ የለኝም ይበሉ። ልጅ የለኝም፣ የባል ልጅ የለኝም፣ ማንም የለኝም ይበሉ።

ይህን የምለምንዎ እኔ መሆኔ ይገርመኛል።

ሰውአገኝ

*

ላሊበላ፣ ሰኔ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሰውአገኝ

ደርሶኛል። ፕላኑን በዚህ ፖስታ መልሻለሁ። ከሾፌሩ እጅ ራስህ ተቀበለው፤ ሌላ ሰው እንዳትልክ። በእርሳስ የጻፍሁበትን አጥፍቼዋለሁ።

የአዳራሹ ቀን ሰኔ 17 ነው። ሰማዩ ጠቁሯል፤ መዝነብ ግን አልጀመረም።

ንጋት ፈተናዋን እንዴት ሆነች?

ሙሉዬ

*

ኮምቦልቻ፣ ሰኔ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ሙሉዬ

ንጋት አልፋለች። ከክፍሏ አራተኛ ወጥታለች።

ይህን ከሰው ከመስማትዎ በፊት ልንገርዎ፤ ሰኔ 17 እዚያ ነበርኩ። ከኮሚቴው ጋር አልመጣሁም፤ እነሱ ባያዩኝ ይሻላል ብዬ ለብቻዬ መጣሁ። ከኋላ ከበሩ አጠገብ ቆምኩ። አዳራሹ ሞልቶ ነበር።

ስለ ውኃው ሲናገሩ ሰማሁ። ጥሩ ተናገሩ። ድምፅዎ እንዲያ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ምሥራቅ ያሏት ልጅ ስትጽፍ ነበር። አንዱ የእኛ ሰው «እማማ፣ ዛፍ ይበልጣል ወይስ ሰው?» ሲልዎ «አንተ ልጅ፣ ዛፍ ውኃ አይጠጣብኝም» አሉት። ሰው ሳቀ። እኔም ልስቅ ነበር።

ከዚያ ሰብሳቢው ጠየቀዎ።

«ከማኅበሩ አባላት ዘመድ አለዎት?»

«የለኝም።»

«ልጅ? የባል ልጅ? የወንድም ልጅ?»

«ማንም የለኝም።»

እኔ ነኝ እንዲያ ይበሉ ያልኩዎት። በወረቀት ላይ፣ በራሴ እጅ ነው የጻፍኩት። ያልኩዎትን ነው ያደረጉልኝ። በዚህ የተነሣ ማኅበሩ ውስጥ አለሁ፤ ማንም አልጠረጠረኝም። ላመሰግንዎ ይገባል።

ግን አላመነቱም፣ እትዬ። ጥያቄው ሳያልቅ ነው የመለሱት። ትንሽ ያመነታሉ ብዬ ነበር። አንድ ጊዜ ትንፋሽ እስኪስቡ ድረስ እንኳ። ያን ጊዜ፣ ቤታችን ሲፈርስ፣ ለመዝጋቢዎቹም እንዲህ ነበር የመለሱት ማለት ነው። ያንን አላየሁም ነበር፤ አሁን አየሁት።

ቤትዎ ልመጣ አስቤ ነበር። ዕጣን የመሰለ የጥድ ሽታ ያለበት ሽቅብ መንገድ ጫፍ ድረስ ሄጄ፣ የቤትዎን በር አይቼ ተመለስኩ። ወደ ጋሸና የሚሄድ መኪና ነበር።

አይጻፉልኝ አልልም።

ሰውአገኝ

*

ላሊበላ፣ ነሐሴ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሰውአገኝ

ለንጋት ደስ ብሎኛል። አራተኛ መውጣት ቀላል አይደለም፤ ከፊቷ ያሉት ሦስቱ ይጠንቀቁ።

ይህን ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ተውሁት። መንገዱም ተዘግቶ ነበር። አሁን ለፍልሰታ የመጣ ሰው ሲመለስ ይዞልኝ ይሄዳል ብዬ ነው የምጽፈው።

ውሳኔውን በማኅበርህ በኩል ሰምተኸዋል። ጥድ አፋፍ ቀርቷል። ለማኅበሩ በሙጃ መንገድ በኩል ሜዳው ላይ ይታይለታል ተብሏል። መቼ ለሚለው መልስ የሰጠ የለም። ምሥራቅን ጠየቅኋት፤ «የእኔ ክፍል አይደለም እማማ» አለችኝ። ሌላ ቦታ ተዛውራለች፤ ለመሰናበት መጥታ ነበር።

ሰው እንኳን ደስ ያለሽ ይለኛል። አሰለች በየሄደችበት «በመዝገብ ስሟ ያሸነፈች» እያለች ታስተዋውቀኛለች። አንዳንዱ ደግሞ መምህራንን ቤት የከለከለች ይለኛል፤ ሁለቱም ልክ ናቸው። በሐምሌ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ጊዜ ዶዘሩ ከቆረጠው በኩል ቀይ ጎርፍ ወርዶ የፍልፍሉን ቦይ ሞላው። ሴቶቹ ሁሉ ወጥተን በጎድጓዳ ሳህንም በመጥረጊያም ጭቃ ስንዝቅ ዋልን። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ አልገባም፤ ደጃፉ ላይ ቆመ። ምንጩ እስከ ዛሬ ደፍርሷል። ጄሪካኑን አሳድረን፣ ሲዘቅጥ ከላዩ ነው የምንጠጣው። እንግዲህ ይህ ጥቂቱ ብቻ ተቆርጦ ነው። ሁሉም ቢቆረጥ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር አልናገርም፤ አንተን ለማሳመን የሚሆን ነገር አሁን አልፈልግም።

ስለ እኔ ቤት ጠይቄ ነበር። ወደ አንተ ስም ይዛወር ብዬ። ምትክ ቦታ በሕይወት ሳለሁ አይዛወርም አሉኝ። ስሞት በኑዛዜ ይሆናል አሉ። ኑዛዜውን አጽፌያለሁ፤ ቄስ ገብረ ሊባኖስ ምስክር ናቸው። ጠባብ ቤት ነው፤ የብቻ ሰው ቤት ነው። የጻፍሁልህ ልታመሰግነኝ አይደለም። ሰው ሲሞት ዘመድ ወረቀት ፍለጋ ከሚንከራተት ብዬ ነው።

አሁን «አላመነቱም» ወዳልኸኝ ልምጣ።

ከቤቴ እስከ አዳራሹ ያለውን መንገድ «የለኝም፣ ማንም የለኝም» እያልሁ ነው የሄድሁት። ከዚያ በፊት ባሉት ቀናትም ውኃ ስቀዳ፣ ሽሮ ሳማስል እለው ነበር። አሰለች ከኋላዬ ሆና «ዳዊት እየደገምሽ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኋት። ከመሃል ድምፄ ቢሰበር፣ ሰብሳቢው ቀና ብሎ ቢያየኝ፣ የአንተ ነገር እንዳይበላሽ ፈርቼ ነው። መዝጋቢዎቹ በመጡ ጊዜ ግን አልተለማመድሁም ነበር። ያኔ አመንትቻለሁ። ብዙ አመንትቻለሁ። ካመነታሁ በኋላ ነው ያልሁት፤ ያም ቢሆን አይረዳህም።

ደግሞ አይቼሃለሁ። በሩ አጠገብ፣ ግድግዳውን ተደግፈህ። ግንባርህ የአባትህ ነው፤ ጠጉርህ በጎን በኩል ሸብቷል፣ ያንን አላወቅሁም ነበር። ሰብሳቢው ሲጠይቀኝ ዐይኔን ከአንተ ላይ አንሥቼ ከበላይህ ያለውን መስኮት እያየሁ መለስሁ። ፈጥኜ የመለስሁትም ለዚህ ነው። ትንሽ ብቆይ ዐይኔ ወደ አንተ ይመለስ ነበር።

ቃሉ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ አልለቀቀኝም። የተማርሁትን ቶሎ አልረሳም፤ ፊደልም እንዲሁ ነበር የያዘኝ። ጭቃ ስዝቅ፣ በር ስዘጋ፣ ሳላስበው አፌ ውስጥ አገኘዋለሁ። አሁን አሁን ድምፅ አውጥቼም እለዋለሁ። የሚሰማኝ ስለሌለ፣ የሚያርመኝም የለም።

ሙሉዬ